ስንጥቁን ተዉት፣ ማያያዣውን ፈልጉ፦ የቆመ ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥን ይችል እንደሆነ እንዴት እንፈትሻለን?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አልጋዬ ሲወዛወዝ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ብርድ ልብሱን ጥዬ ስወጣ ጎረቤቶቼ ጋቢ ተከናንበው ግቢ ቆመዋል። መጠኑ 5.8 እንደነበረ ሲነጋ ሰማን። መነሻው ከእኛ ራቅ ብሎ በአዋሽና በፈንታሌ በኩል ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የደረሰው መጣ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አጣ። የምውለው ሕንፃ ሥራ ላይ ስለሆነ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ "ግድግዳዬ ተሰንጥቋል፣ ና እይልኝ።" ሄጄ አየሁ። አብዛኛው ስንጥቅ የቆየ ነው። መረሬው (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) ያመጣው፣ ልስኑ ሲደርቅ የፈጠረው። የዚያን ሰሞን ካየኋቸው ሁሉ ያስፈራኝ ግን ምንም ስንጥቅ ያልነበረበት ሕንፃ ነው። መንገድ ዳር ያለ ጂ ፕላስ ሦስት። ከታች በሙሉ ሱቅ፣ ፊቱ መስታወት ብቻ። ከላይ ሦስት ወለል ብሎኬት። ባለቤቱ በደስታ ተቀበሉኝ። "ልጄ፣ የኔስ ምንም አልሆነም። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለችም" አሉኝ።

ስንጥቅ የሚነግረን ያለፈውን ነው። ስለሚመጣው ማወቅ ከፈለግን መጠየቅ ያለብን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህ ቤት እርስ በርሱ ተያይዟል ወይ? ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከግድግዳው፣ ቢሙ (አግዳሚው ተሸካሚ) ከኮለኑ (ከቋሚው የአርማታ ምሰሶ)፣ ኮለኑ ከመሠረቱ? መሬት ወደ ጎን ስትገፋ አንድ ላይ የሚሄድ ቤት ይተርፋል። ክፍሎቹ ለየብቻ የሚወዛወዙ ከሆነ ይፈርሳል። ከርቀት የመጣ ደካማ ንዝረት አልፎት ስለቆመ ደግሞ ሕንፃው ተፈትኖ አለፈ ማለት አይደለም።

ከዚህ በታች የምጽፈው መሐንዲስን አይተካም። የትኛው ቤት መጀመሪያ መታየት እንዳለበትና መሐንዲሱ ሲመጣ ምን እንደምትጠይቁት ግን በደንብ ያሳውቃችኋል። ደብተር፣ እርሳስ፣ ሜትር፣ ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) እና የእጅ ባትሪ ያዙ።

1. መጀመሪያ መሬቱን ጠይቁ

ሰሜን ሸዋ የስምጥ ሸለቆው ከንፈር ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ሸለቆው ዛሬም በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴን አፈረሳት፣ ካራቆሬም ላይ ብዙ ቤት ወደቀ፣ የአስመራው መንገድ ተሰነጣጠቀ። ዛሬ በአጣዬና በማጀቴ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ልጅ ሆነው አይተውታል። ጠይቋቸው። የትኛው ሰፈር እንደፈረሰና የትኛው እንደተረፈ ከእነሱ አፍ መስማት ትልቅ መረጃ ነው።

ቀጥሎ ከቤቱ ስር ያለውን ተመልከቱ። አለት ላይ ያረፈ ቤት ንዝረቱ በቀጥታ ይደርሰዋል። ወንዝ ያመጣው ልል አፈር ላይ ያለ ግን ንዝረቱ ጎልቶ ነው የሚደርሰው። ሸዋሮቢትና አጣዬ ሜዳው ላይ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ደጋው ላይ ደግሞ መረሬ አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም እያነሳ ይጥለዋል። መንቀጥቀጥ ከመምጣቱ በፊት ቤቱን ያደክመዋል።

ጣርማበርንና ደብረ ሲናን ይዞ እስከ አንኮበር ባለው ገደል ላይ ከሆናችሁ የተዳፋቱ ነገር ከቤቱ ይቀድማል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ከነቤቱ ተንሸራትቷል። ዛፎች ከጎበጡ፣ አጥር ካዘነበለ፣ ባልነበረበት ምንጭ ከፈለቀ፣ ከቤቱ በላይ መሬቱ ላይ ስንጥቅ ካለ እነዚህን ጻፉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ኮለን ማጠናከር ብቻውን አይረዳም።

2. የተሠራበትን ዓመትና ወረቀቱን ፈልጉ

ዓመቱ ብዙ ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ደንብ ለመንቀጥቀጥ የሚሰላው ከፍተኛው የመሬት ፍጥንጥነት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 0.10 እጅ ብቻ ነበር። እሱም በ100 ዓመት አንዴ ለሚጠበቅ ንዝረት የተቀመጠ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣው ደንብ ይህን ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ ከፍተኛውም ቁጥር 0.20 ሆነ። በቀላሉ እናስበው። የሕንፃው ክብደት 1000 ቶን ቢሆን በድሮው የመነሻው የጎን ግፊት 100 ቶን ነበር፤ በአዲሱ 200 ነው። ዋናው ስሌት ከዚህ ይረቃል፣ ግን ልዩነቱ ይታያል። ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ያለው ጠርዝ በአዲሱ ካርታ ከፍ ያሉት ደረጃዎች ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሕንፃው ከ2008 ዓ.ም. በፊት ከተነደፈ በትንሹ ኃይል ተሰልቷል ብላችሁ ጀምሩ። የስትራክቸር ፕላኑን ፈልጉ። ከተገኘ ወርቅ ነው። ከዚያ ፕላኑን ከቆመው ጋር አወዳድሩ። ፈቃዱ ጂ ፕላስ ሁለት ብሎ ሕንፃው ጂ ፕላስ አራት ከሆነ ሌላውን ደረጃ ሁሉ ዝለሉና መሐንዲስ ጥሩ። ጣሪያው ላይ "ለወደፊት" ተብሎ ፌሮ (የአርማታ ብረት) ቆሞ የተተወበትም አንዱ ምልክት ነው። ፌሮው ለዓመታት ዝናብ ሲጠጣ ዝገቱ ወደ ኮለኑ ይወርዳል።

3. ዞራችሁ እዩት

ከመንገዱ ማዶ ቁሙ። ሕንፃውን ከታች ወደ ላይ ተመልከቱ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ክብደቱ የት አለ፣ የሚይዘው ግድግዳስ የት አለ?

በከተሞቻችን የማየው ትልቁ ችግር ከታች ክፍት መሆን ነው። ላይ ያሉት ወለሎች በብሎኬት ተሞልተው ድርቅ ብለዋል። ታች ሱቅ ስለሆነ ኮለንና መስታወት ብቻ ነው። መሬት ስትንቀሳቀስ ላይኛው እንደ አንድ ሣጥን ሆኖ ይሄዳል፤ መታጠፉ በሙሉ የታችኛው ኮለን ላይ ይወድቃል። ሣጥን በአራት ቀጭን እንጨት ላይ አቁማችሁ ግፉት፤ ያ ነው። የታችኛው ወለል ከላዮቹ የረዘመ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛው ወደ መንገድ የወጣው ፎቅ ነው። ከታች ካለው ኮለን አንድ ሜትር ተኩል ተንጠልጥሎ ጫፉ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ተሸክሟል። ሦስተኛው ከጎረቤት ሕንፃ ጋር መጣበቅ ነው። ወለሎቻቸው እኩል ካልሆኑ የአንዱ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) የሌላውን ኮለን ወገቡ ላይ ይመታል። በመሃላቸው እጃችሁን ማስገባት ካልቻላችሁ ጻፉት። ቅርጹንም አትርሱ፦ ማዕዘን ላይ ያለ ሕንፃ በሁለት በኩል መስታወት፣ በሁለት በኩል ድፍን ግድግዳ ከሆነ ሲገፋ ይጠመዘዛል።

ትምህርት ቤት የምታዩ ከሆነ አንድ ነገር ለብቻው ፈልጉ። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ድረስ ወጥቶ ኮለኑን ግማሽ ላይ የያዘበት ቦታ አለ ወይ? ከመስኮቱ ጎን የቀረው አጭር ኮለን መታጠፍ አይችልም። ግፊቱን ሁሉ ተቀብሎ በአንድ ጊዜ በሰያፍ ይቆረጣል። በየወረዳው ስንት የመማሪያ ክፍል እንዲህ እንደተሠራ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

4. በእርሳስ የምትሠራ ስሌት

ይህችን ስሌት የአርማታ ሕንፃ ያለው ሰው ሁሉ ቢሠራት ደስ ይለኛል። በቱርክ ኤርዚንጃን በ1984 ዓ.ም. የደረሰውን ጉዳት ያጠኑ መሐንዲሶች ያወጧት ናት። ብዙ ሕንፃ ባለበት ከተማ የቱ ይቅደም ለማለት ነው የተሠራችው።

የታችኛው ወለል ኮለኖችን ቆጥራችሁ የእያንዳንዱን ጎን በጎን አባዝታችሁ የአግድም ስፋታቸውን በካሬ ሜትር ደምሩ። ግማሹን ውሰዱ። ለሁሉም ወለሎች ጠቅላላ ስፋት አካፍሉት። ከዚያ በዚያው በታችኛው ወለል በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋውን፣ በርና መስኮት የሌለውን የብሎኬት ግድግዳ ርዝመት በውፍረቱ አባዙ። አንድ አሥረኛውን ብቻ ውሰዱና በዚያው ጠቅላላ ስፋት አካፍሉ። የአርማታ ግድግዳ ካለ ሙሉውን ቁጠሩት። ሁለቱን ደምሩ። ለሁለቱም አቅጣጫ ሥሩና ትንሹን ያዙ።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁትን ስንጥቅ የሌለበትን ጂ ፕላስ ሦስት፣ ባለቤቱን ጋሼ የምላቸውን ሕንፃ፣ እንዲህ አሰላሁት። ወለሉ 10 በ15 ሜትር፣ 150 ካሬ ነው። አራት ወለል ሲሆን 600 ካሬ። ኮለኑ 12፣ እያንዳንዱ 30 በ30፤ ድምሩ 1.08 ካሬ፣ ግማሹ 0.54። ለ600 ሲካፈል 0.09 በመቶ። በመንገዱ አቅጣጫ ያለው ድፍን ግድግዳ የጓሮው ብቻ ነው፤ 15 ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ካሬ። አንድ አሥረኛው 0.3፤ ለ600 ሲካፈል 0.05 በመቶ። ድምር 0.14። ከ0.25 በመቶ በታች የሆነ ሕንፃ ቶሎ መታየት ያለበት ነው። ከ0.5 በላይ ያለው ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ ስሌት የምወደው ሌላ ነገር ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ የአርማታ ግድግዳ ከመሠረት ጀምሮ ቢጨመር ብቻውን 0.10 ያመጣል። 12ቱ ኮለኖች በአንድነት ከሚያመጡት ይበልጣል። ሁለት ብትጨምሩ 0.34 ትደርሳላችሁ። "ሕንፃዬን ማፍረስ አለብኝ ወይ?" ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

5. ኮለኑን ከፍታችሁ እዩ

ቁጥሩ ኮለኑ ጤነኛ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ብቻችሁን አትሥሩት፤ ፎርማን ወይም መሐንዲስ ይኑር። ፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ከተገኘ መፈልፈልም አያስፈልግም።

"ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና የአንዱን ኮለን ልስን ላንሳ" አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው "እሺ፣ ግን ከጓሮው በኩል ይሁን" አሉኝ። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ልስኑንና የላይኛውን ሽፋን በመዶሻና በሾለ ብረት ቀስ ብዬ አነሳሁ። የመጀመሪያው ስታፋ ታየ። ሁለተኛውን ስፈልግ መፈልፈሉ ረዘመብኝ። ሜትሩን ዘረጋሁት፤ 32 ሳንቲ ሜትር። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት። እኔም እሳቸውም ምንም አላልንም።

ስታፋ ማለት ቆሞ የሚሄደውን ፌሮ ታጥቆ የሚይዝ ቀለበት ነው። ከኮለኑ ራስና ግርጌ አጠገብ በየ10 እና 12 ሳንቲ ሜትር መደጋገም አለበት፤ መንቀጥቀጥ የሚሰብረው እዚያ ነውና። 25 ወይም 30 ካገኛችሁ ቋሚው ፌሮ ሲጫነው ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ አርማታውም ይረግፋል። የስታፋውን ጫፍም እዩ። ወደ ኮለኑ ሆድ፣ 135 ዲግሪ ገብቶ መታጠፍ አለበት። በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ከሆነ ሽፋኑ ሲረግፍ ይከፈታል።

አርማታውን ራሱን አንኳኩ። ባዶ ድምፅ፣ ጠጠር ብቻ ተከማችቶ ቀዳዳ የቀረበት ቦታ፣ የዛገ ፌሮ ያፈነዳው ሽፋን፤ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። የሽሚት መዶሻ (አርማታውን መትቶ ጥንካሬውን የሚገምት መሣሪያ) የሚይዝ ባለሙያ ከመጣ ጥሩ ነው፣ ግን የሚለካው የላይኛውን ጥንካሬ ብቻ ነው። ከጥርጣሬ የሚያወጣው ከአርማታው ተቆፍሮ የሚወጣ ናሙና ላቦራቶሪ ሲጨመቅ ነው።

6. የድንጋይና የጭቃ ቤት

መሐንዲሶች ስለ ፎቅ ብዙ እናወራለን። በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው የሚያድረው ግን ከፎቅ ውጭ ነው።

በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ቀላልና ተጣጣፊ ስለሆነ ለመንቀጥቀጥ ክፉ አይደለም። ድክመቱ የምሰሶው ግርጌ ነው። በተለይ ቆላው ላይ ምስጥ ይበላዋል። መሬቱን አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ምሰሶውን በቢላ ውጉት። ቢላው ከገባ ምሰሶው ሊቀየር ነው። ማገሩ በሚስማር ወይም በጠፍር መያያዙንም እዩ።

የሚያሳስበኝ የመንዝ የድንጋይ ቤት ነው። እናቴ የምትኖረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ብርድ አያስገባም፣ ያምራል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ግን አንድ አይደለም። የውጭ ድንጋይ አለ፣ የውስጥ ድንጋይ አለ፣ መሃሉ ጭቃና ፍርፋሪ ነው። ሲነቀነቅ ሁለቱ ይለያያሉ፤ የውጩ ወደ ውጭ፣ የውስጡ በተኛው ሰው ላይ። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ድንጋይ ፈልጉ። ወደ ላይ በየ60 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ጎን በየ1.2 ሜትር አንድ ቢኖር መልካም ነው። ጫፉ በሁለቱም በኩል ይታያል።

ቱንቢ ከግድግዳው አናት ልቀቁ። ሆዱ የወጣ ቦታ ካለ መለያየቱ ተጀምሯል። ማዕዘኑን እዩ፤ ድንጋዮቹ እንደ ተጣመረ ጣት ተቆላልፈዋል ወይስ ሁለቱ ግድግዳዎች ተጠግተው ብቻ ቆመዋል? በርና መስኮት ከማዕዘኑ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከሁሉም በላይ ግን መቀነቱን ፈልጉ። ከበሩ በላይ ወይም ከጣሪያው ስር ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚሄድ እንጨት ወይም አርማታ አለ? ማዕዘኖቹ ላይስ ተያይዟል?

እናቴ ቤት የለም ነበር። ያደረግነው ቀላል ነው። ጣሪያው ስር ዙሪያውን በግራና በቀኝ እንጨት አስረን በፌሮ አያያዝነው፣ ወራጁን እሱ ላይ አሰርነው። አልጋዋን ሆዱ ከወጣው ግድግዳ አራቅነው። ሆዱ የወጣውን ቁራጭ ደግሞ አፍርሰን በሚያልፍ ድንጋይ መልሰን ገነባነው።

7. ስንጥቅን ማንበብ

ስንጥቅን ንቁ አላልኩም። ቋንቋውን እወቁ ነው የምለው። ግድግዳ ላይ የኤክስ (X) ቅርጽ ያለው ስንጥቅ የወዲያ ወዲህ ግፊት ነው፤ መንቀጥቀጡ ነክቶታል። ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ የመሠረት ወይም የመረሬ ነው። በቢምና በብሎኬት መገናኛ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር በብዛት የልስን ነው። ማዕዘን ላይ ቆሞ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ግድግዳዎቹ እየተለያዩ ነው፤ ይህ ከባድ ነው። ኮለን ላይ ወይም የቢምና የኮለን መገናኛ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ ከቤቱ ውጡና ባለሙያ ጥሩ።

የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ስንጥቁ ውስጥ ካልገባ አትደንግጡ። ከገባ ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉ። ቀጭን መስታወት በጄሶ አሻግራችሁ ለጥፉ። ከተሰበረ ስንጥቁ እየሄደ ነው።

8. ከላይ የተንጠለጠለውን አትርሱ

ጣሪያ ላይ ያለ ባለ 5000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ነው። ታስሯል? የቆመበት ብረት ጤነኛ ነው? የጣሪያ ዙሪያ ብሎኬት፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የመግቢያው በረንዳ፤ ሰው ሮጦ ሲወጣ የሚወድቅበት እነዚህ ናቸው። ቤት ውስጥ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ጋር እሰሩ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን በሰንሰለት ያዙ። ይህ በአንድ ቀን ያልቃል።

9. ደብተሩን ይዛችሁ ወደ መሐንዲስ

ያገኛችሁትን በሦስት ክፈሉ፦ ዛሬ የሚደረግ፣ በዚህ ዓመት የሚደረግ፣ መሐንዲስ የሚወስነው። ለመሐንዲሱ "ደህና ነው?" ብቻ አትበሉት። የአርማታው ጥንካሬ ስንት ወጣ? ስታፋው በስንት ርቀት ነው? በአሁኑ ደንብ ሲሰላ የትኛው ኮለን ነው መጀመሪያ የሚወድቀው? ምን ቢጨመር ይይዛል? መልሱን በጽሑፍና በፊርማ ተቀበሉ። ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ አፍርሱ የሚላችሁ ተከራይ ካለ እስከዚያ ድረስ እንቢ በሉ።

ጋሼ ሮቶውን ከጣሪያ በሦስተኛው ቀን አወረዱት። መሐንዲሱ የጓሮውን ኮለኖች በአርማታ አልብሶ፣ በመንገዱ አቅጣጫ ሁለት የአርማታ ግድግዳ ከመሠረት አስነሳ። ሁለት ሱቅ ለሦስት ወር ተዘጋ። ሥራው ሲጀመር እንዳየው ጠሩኝ። ሜትራቸውን ይዘው ፌሮ ሠራተኛው ስር ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱን ስታፋ ራሳቸው እየለኩ ነበር።